ማግኔት የማይዘው ላሜራ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ኪሱ ቢፈተሽ ከብሩ ቀድሞ የሚገኘው ማግኔት ነው። ከተቃጠለ ስፒከር ጀርባ የተነቀለች፣ በመሀረብ የተጠቀለለች ማግኔት። ሻጩ ስለ ሞተሩ ጤንነት ሲምልና ሲገዘት ገዢው «እሺ... እሺ...» እያለ መኪናውን ይዞራል፤ እግረ መንገዱንም ማግኔቷን በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ኮፈኑ ላይ ያሳርፋታል። ጥብቅ ካለች ከቀለሙ ሥር ብረት አለ። ሸርተት ብላ ከወረደች ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ስቱኮ ካለ ደግሞ ወይ ግጭት ነበር፣ ወይ ዝገት አለ። እናንተዬ፣ ልጁን የሚድር አባት እንኳ ሙሽራውን ይህን ያህል አይመረምረውም!

እኔ የመጀመሪያዋን መኪናዬን ስገዛ ማግኔት አልያዝኩም። ሻጩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ አንደበታቸው የለዘበ ሰው ነበሩ። «እንደ ልጄ ነው የያዝኳት» አሉኝ። ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ክረምት ዝናብ ስትጠጣ ከረመችና የግራው የኋላ በር ላይ ሽንብራ የምታክል እብጠት ወጣች። በጥፍሬ ነካ ባደርጋት የአምባሻ ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገምሶ እግሬ ሥር ዱብ አለ። ከሥሩ ያለው ላሜራ ወንፊት ሆኗል። ምን አደረግኩ? ሰውዬውን ለሁለት ሳምንት ስረግማቸው ከረምኩና፣ ሌላ ስቱኮ አስሞልቼ ቀለም አስቀባሁት። ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ አባቴ ላንድሮቨር ነው።

አቀስታን ለማታውቋት፣ ከደሴ ተነስታችሁ የጉጉፍቱን ብርድ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ካለፋችሁ በኋላ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምታገኟት የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት። ለገብስና ለበግ የተስማማች፣ ሰው ግን ጋቢ ደርቦ የሚውልባት ደጋ። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ በገዛው ረጅም ላንድሮቨር በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲያመላልስ ነው እኛን ያሳደገን። ከኋላ ፊት ለፊት የሚያስቀምጡ ሁለት አግዳሚዎች፣ ከላይ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ በግና ማዳበሪያ ከረጢት። ሚኒባሱና አውቶቡሱ ሲበዛ አባቴ መኪናውን ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር አቆመው። ከዚያ በኋላ ጋቢናውን የተረከቡት ዶሮዎች ናቸው። የአሽከርካሪው ወንበር ላይ ይፈለፍሉ ነበር።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ላንድሮቨሩ ሰምቶ ደወለልኝ። «ገላው ተስተካክሎ፣ ቀለም ተቀብቶ ካየሁት እገዛለሁ» አለ። ለእትዬ ነገርኳት። እሷ እማዬን ይዛ አቀስታ ነው የምትኖረው። የእማዬ ዓይን በሞራ ተሸፍኗል፣ የቤቱም ጣሪያ ያፈሳል። «ቶሎ በል እንግዲህ» አለችኝ። የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ሞላሁና ሄድኩ። ዕቅዴ አጭር ነበር፦ ሰኞ መጠገን፣ ረቡዕ መቀባት፣ ቅዳሜ መሸጥ።

ከደሴ አንድ አዛውንት የላሜራ ባለሙያ አስመጣሁ። ሙያውን በልጅነታቸው የተማሩት ከጣሊያኖች ጋር ከሠሩ ሰዎች ነው። ለነገሩ የጋራዡን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ጣሊያን ገና አልወጣም፤ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ጎሚስታ... አምስት ዓመት ገዝቶ ሄዶ የመኪናችንን አካላት ስም እንደያዘ ቀረ።

ጋሼ (እንዲያ ነው የምጠራቸው) መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩትና በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኩት ጀመር። እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ በእግር ማሳረፊያው በኩል ጠመንጃ መፍቻ አስገቡና ገፋ አደረጉት። መፍቻው እስከ እጀታው ገባ።

«ስንት ቀን ነው ያልከኝ?» አሉኝ።

«አንድ ሳምንት፣ ጋሼ።»

«ለየትኛው? ለማስመሰሉ ነው ለመሥራቱ?»

እዚህ ላይ ስለ ላንድሮቨር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ያለሱ አይገባም። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ነው። እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጥታ ብረት በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። አሉሚኒየም ግን የአውሮፕላን ፋብሪካዎቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ በሽ በሽ ሆኗል። ስለዚህ ፓራፋንጎውንም፣ ኮፈኑንም፣ የበሮቹንም ልብስ ቢርማብራይት ከሚባል የአሉሚኒየም ድብልቅ ሠሩት። ብረት የሆነው ሻንሲው፣ የበሮቹ አጥንትና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ነው። «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። እውነትም ነው፣ ሐሰትም ነው። ልብሱ አይዝግም፤ አጥንቱ ግን ይዝጋል። እንዲያውም አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው በመካከላቸው ውኃ ከገባ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል።

እኔም ይህን አውቅ ነበርና አጉል ብልጠት መጣብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና እኮ ማግኔት አይዘውም። ስቱኮም ይሁን አሉሚኒየም ለማግኔት አንድ ነው። እግር ማሳረፊያውንም ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ትንሽ ስቱኮ፣ ትንሽ ሬንጅ አድርገንበት ብንቀባው ማን ያውቃል?»

ጋሼ አልተቆጡም። «እስቲ መጀመሪያ እንየው» አሉና ልጃቸው የሚሆን ረዳታቸውን ጠርተው ወለሉን ያስፈቱ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ከምንጣፉ ሥር ሬንጅ ወጣ። ከሬንጁ ሥር ስቱኮ፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ በሪቬት የተመታ ቆርቆሮ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ፊደሎች ብቅ አሉ። የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ተቀድዶ፣ ተዘርግቶ፣ ተቀጥቅጦ የተለጠፈ። «አይሸጥም፣ አይለወጥም» ይላል። ልሸጠው የመጣሁት መኪና ሆድ ውስጥ!

እኔ ልስቅ አፌን ስከፍት ጋሼ ተረከዛቸው ላይ ቁጢጥ እንዳሉ ዝም ብለዋል።

«ይሄን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ቆይተው።

«አንቱ?»

«1978 ይመስለኛል። ከድርቁ ማግስት። አባትህ ደሴ ድረስ ነድቶት መጣ። ያኔም እንዲሁ በልቶት ነበር። ላሜራ ፈለግን፤ የለም። ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ ላሜራ ግዛ አይባል። ‹እስኪያልፍ ድረስ በዚህ ያዝልኝ› አለኝ። ያዝኩለት።» ቆርቆሮውን አንኳኩት። «አባትህ እያወቀ ነው የነዳው። እኔም እያወቅኩ ነው የለጠፍኩት። ክፉው ቀን አለፈ፤ ቆርቆሮው ግን እዚሁ ቀረ።»

ምን ልበላችሁ፣ ሰውነቴን አንድ ነገር ውርር አደረገኝ። የፍሬኑ ፔዳል የታሰረው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። አባቴ የጉጉፍቱን ቁልቁለት ስንትና ስንት ዓመት፣ ከኋላው ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ፣ የረገጠው የዘይት ቆርቆሮ ያቀፈውን ፍሬን ነው። እኔም ደሴ እማር በነበረበት ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን እዚያ ላይ አሳርፌ፣ እንቅልፌን እየለጠጥኩ ነበር የምመጣው። አባቴ በቀጥተኛነቱ የሚማልበት ሰው ነበር። የአንድ በግ ጭነት ሒሳብ ቢሳሳት አሥር ቀን እንቅልፍ የማይወስደው።

አልፈረድኩበትም፤ የሚፈረደው በማን እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ የሸፈነው ላሜራ አጥቶ ነው። እኔ ልሸፍን የነበረው ፈቃዴ አንድ ሳምንት ስለሆነ ነው።

ጋሼ ተነሱና «እኔ ሁለተኛ እዚህ ቦታ ላይ ስቱኮ አልጭንም። ሰው ፈልግ ካልክ ፈልግ» አሉኝ። ሰው አልፈለግኩም። መሥሪያ ቤት ደውዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅኩ። አንድ ሳምንት የተባለው ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ።

በእነዚያ ሳምንታት ስለ ቀለም ያለኝ አስተሳሰብ ተገለበጠ። እኔ ቀለም ይሸፍናል ብዬ ነበር የማስበው። ጋሼ ግን «ቀለም አሳባቂ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከሥሩ ያለችውን የፀጉር ታህል ጭረት ሳይቀር አጉልቶ ያወጣታል። ስለዚህ ሥራው ያለው ከቀለሙ በፊት ነው። የበሰበሰውን ግድግዳ እስከ ጤነኛው ብረት ቆርጠው አወጡና በልኩ የተቆረጠ አዲስ ላሜራ በየዱት። በየመገጣጠሚያው፣ ብረትና አሉሚኒየም በሚነካካበት ሁሉ፣ አንቲረስት ቀብተው ከመካከል ጎማ አስገቡበት። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ዕርቃናቸውን አይገናኙም» እያሉ።

የተጨረማመተውን ፓራፋንጎ ያቃኑበት መንገድማ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሉሚኒየም በመዶሻ በተመታ ቁጥር ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለማለስለስ መሞቅ አለበት። ችግሩ ግን እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሳይታሰብ ይቀልጣል። ጋሼ የልብስ ሳሙና ወሰዱና ላሜራውን ቀቡት። ከዚያ እሳቱን ከሩቅ እያመላለሱ አሞቁት። ሳሙናው መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆር አለ። «በቃ!» አሉና እሳቱን አነሱ። ሲቀዘቅዝ ላሜራው እንደ ቆዳ ለስልሷል። በእንጨት መዶሻ እያባበሉ ወደ ቦታው መለሱት።

አሮጌውን ቀለም ስንፍቅ ሰማያዊው ሲለቅ ግራጫ፣ ግራጫው ሲለቅ ወታደር አረንጓዴ መጣ። ጋሼ መሬቱን ውኃ አስረጭተው፣ ለእኔም ለረዳታቸውም አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰሩልን። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ነበረ፤ አቧራው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። እሳቸው በወጣትነታቸው ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሳላቸውን እሰማ ነበር።

ራቁቱን የቀረ አሉሚኒየም ላይ ተራውን ፕራይመር ብትቀቡት እንደ ድንች ልጣጭ ይላቀቃል። መጀመሪያ አሲድ ያለበት ስስ ፕራይመር ያስፈልገዋል። ስቱኮውም ተደረገ፤ ጋሼ ስቱኮን አይጠሉም፣ ቦታውን ነው የሚያውቁት። ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጉድለት ይሞላል እንጂ ቀዳዳ አይሸከምም። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ነው፦ 80 ቁጥር፣ 180 ቁጥር፣ 320 ቁጥር። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ስፈገፍግ አዩኝና ጠፍጣፋ እንጨት አምጥተው ጠቀለሉልኝ። «ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፤ ያባብለዋል እንጂ አያስተካክለውም። እንጨት አያዳላም።» ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጤዛ ነስነስ ያደርጉበትና እንደገና ይፈገፈጋል። ጥቁሩ ያልለቀቀበት ቦታ ገና ጎድጓዳ ነው ማለት ነው።

ሁሉም አለቀ ሲባል ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በኮፈኑ ላይ አንሸራተቱ። «ዓይን ይታለላል» አሉ። ያን ጊዜ እማዬ በሙቀጫው በኩል እየዳበሰች መጣች። «እስቲ እኔም ልየው» አለች፤ ማየት የምትለው መዳሰሱን ነው። መዳፏን ከፋናሉ ጀምራ በፓራፋንጎው ላይ ወሰደችው፤ መለሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ስታሰስ የኖረ እጅ ነው። «እዚህች ጋ ጎደል ትላለች» አለች። ጋሼ እጃቸውን አስቀመጡ፣ አነሱ፣ ደግመው አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። «አላህ ያሳይሽ! እኔ አልፌያታለሁ» አሉና እንጨቷን ይዘው እንደገና ጀመሩ።

ለመቀባት ደግሞ የአቀስታ ብርድ ፈተነን። ኮምፕሬሰሩን የተዋስነው ከጎሚስታ ነው። ጉሙ ሲገባበት ውኃ ያቁራል፤ ያ ውኃ ከቀለሙ ጋር ከተረጨ ነገ ቀለሙ ያብጣል። ጋሼ በየጊዜው ከሥር ከፍተው ያፈሱታል። ጠዋትና ማታም አይቀባም። ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ። ቀለሙን ወደ ድሮው አረንጓዴ መለስነው። የመርጨቱ ሥራ ሁለት ቀን አልሞላም። አምስት ሳምንት ዝግጅት፣ ሁለት ቀን ቀለም።

ገዢው መጣ። መኪናውን አንዴ ዞረው፤ ዓይኑ በራ። ከዚያ ልማድ ነውና እጁን ኪሱ ከተተ። ማግኔቷን ፓራፋንጎው ላይ ቢያስጠጋት ዱብ! ኮፈኑ ላይ ዱብ! «ኧረ ይሄ ሁሉ ስቱኮ ነው እንዴ!» ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ጋሼ አስረዱት። እኔም ቆርቆሮውን አምጥቼ ሰጠሁት፤ የት እንደነበረ፣ ማን እንደለጠፈው፣ ስንት ዓመት እንደተነዳበት፣ እኔም ልደግመው አስቤ እንደነበር ነገርኩት። ሰውዬው ተጎንብሶ አዲሱን ብየዳ አየ። ዋጋ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። የጋሼን ድካም፣ የቀለሙንና የኮምፕሬሰሩን ሒሳብ ስንከፍል የተረፈው ለእማዬ ዓይን በቃ። ጣሪያው ለሌላ ዓመት ተላለፈ። እትዬ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደምራ «አባባ ቢኖር ይሄኔ በቆርቆሮው ይገላግለን ነበር» አለችኝ። ግማሹ ቀልድ ነው።

ገዢው ቆርቆሮውን ከመኪናው ጋር ልውሰደው ቢል እትዬ ቀበል አድርጋ፣ «አይሸጥም ይላል እኮ!» አለችው። ዶሮዎቹ ቤታቸው ስለተሸጠባቸው አዲስ ጎጆ ተሠርቶላቸው ነበርና ቆርቆሮው የዶሮ ቤት በር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ «ለጊዜው» የሚል ቃል ስሰማ ጋሼ ቁጢጥ ብለው ይታዩኛል። ለጊዜው ተብሎ በተሠራ ቤት ልጅ ተወልዶ ልጅ ይድራል። እንግዳ ይመጣል ሲባል አጥሩ ኖራ ይቀባል፤ እንግዳው ሲሄድ የሚፈርሰው ከኖራው ሥር ያለው ጭቃ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ማግኔት በማይደርስበት ቦታ ነው። የአስተማሪውን ዝግጅት፣ የመሐንዲሱን ብረት፣ የእኔ ቢጤውን ጸሐፊ ማስረጃ፣ ማን በማግኔት ይሞክረዋል? የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጋሼ ሠላሳ ሦስት ዓመት አውቀውት ኖረዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ መኪናዬ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ፈላጊ በዝቷል። እኔም በቅርቡ ያቺን ባለ አምባሻ በር መኪናዬን ለሽያጭ አወጣኋት። አንድ ወጣት መጣ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ምን እንደያዘ አውቃለሁ።

«ማግኔትህን አውጣው» አልኩት። «የግራው የኋላ በር ላይ ሞክረው። ከመስታወቱ በታች ስቱኮ ነው፤ ከሥሩ ላሜራው ተበልቷል። ያስሞላሁት እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ማግኔቷን በሩ ላይ አደረጋት፤ ወደቀች። አንስቶ በጥርጣሬ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይሄን ከነገሩኝ፣ ያልነገሩኝ ደግሞ ስንት ነው?»